ደሴ ላይ ብርድን በገዛ እጃችን የምናስገባባቸው ስህተቶች

የደሴን ብርድ በወሬ የሚያውቅ ሰው ታኅሣሥ ላይ መጥቶ አንድ ሌሊት ይደር። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ያም ሆኖ ቤት ስንሠራ ብርዱን ግባ የምንለው እኛው ነን። ከራሴ ልጀምር።

የኮምቦልቻን ፕላን ደሴ ላይ መድገም። የዘመዴን ቤት ወደድኩትና ፕላኑን እንዳለ ይዤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ቅርብ ናት፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ስለሆነ ሳሎኑ ወደ ሰሜን ዞሯል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ፀሐይ የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው። የኔ ሳሎን ፀሐይ ሳያይ ይመሻል፤ ሽንት ቤቱ ግን ይሞቃል! ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ ማዞር ፕላን ላይ እያለ ምንም አያስወጣም።

ክፍተቱን ትቶ መስታወቱን መውቀስ። ቡና ሲፈላ ማጨሻውን አንስታችሁ በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የዕጣኑ ጢስ ወደ ቤት ውስጥ ከታጠፈ ንፋስ እየገባ ነው። እኔ ቤት የታጠፈው መዝጊያው ጋ አይደለም፤ የመስኮቱ ብረት ከግድግዳው የሚገናኝበት፣ ልስኑ የተሰነጠቀበት ጋ ነው። ሲሊኮን ገዝቼ ራሴ ደፈንኩት።

ድርብ መስታወት ለሁሉም መስኮት ካልሆነ ብሎ መተው። በሁለቱ መስታወት መሃል የታሸገው አየር በነጠላው የሚወጣውን ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ውድ ነው፤ አቅም ከሌለ ለመኝታ ቤቱ ብቻ ይደረግ። ለሌላው ወፍራም መጋረጃ፣ ቀን ተከፍቶ ፀሐይ ሲጠልቅ የሚዘጋ። ፍሬሙ ብረትም ሆነ ተራ አልሙኒየም ብርድ ያሳልፋል፤ በደንብ የደረቀ እንጨት ይሻላል።

ኮርኒስ ሳያሠሩ ሂተር መግዛት። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ባለ 2,000 ዋት ሂተር በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በወር 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ለቆርቆሮው ማሞቂያ!

የመጨረሻው ግን ነፍስ ያጠፋል፤ ከሰል ይዞ መተኛት። ፍሙ አመድ ለብሶ ጢሱ ሲያቆም «አሁን ደህና ነው» እንላለን። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም።

«እኛ ስንቱን ክረምት ምድጃ ይዘን አድረናል፤ ምን ሆንን?» ትለኛለች እናቴ። ያኔም ሰው ይሞት ነበር። አሁን ደግሞ ቀዳዳውን ሁሉ በሲሊኮን ደፍኛለሁ።