በሚኒሶታ ብርድ ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

ሚኒያፖሊስ ወይም ሴንት ፖል ውስጥ በጥር ወር ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ፣ ከጥያቄዎቹ እኩል መዘጋጀት ያለብዎት ከቤት እስከ እንግዳ መቀበያው ላለው መንገድ ነው። እግሩ ረጥቦ፣ ግንባሩ አልቦት የገባ ሰው ያጠናው ሁሉ ይጠፋበታል።

1. ትንበያውን ማታውኑ ይዩ

ዋናውን ቁጥር ብቻ አይዩ፤ ነፋሱ ተጨምሮበት ስንት ሆኖ እንደሚሰማም ይመልከቱ። ሙቀቱ 0 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 15 ማይል ከሆነ፣ የሚሰማው ከዜሮ በታች 19 ነው። በዚህ ብርድ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ልብሱን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

መኪና ካለዎት ከተማው «ስኖው ኢመርጀንሲ» (በረዶ ለመጥረግ ሲባል መንገድ ላይ መኪና ማቆም የሚገደብበት አዋጅ) ማወጁን ያረጋግጡ። በሚኒያፖሊስ የማቆሚያው ሕግ ሦስት ቀን ይቆያል፣ በየቀኑም የሚከለከለው ቦታ ይለያያል። ሳያይ ያቆመ ሰው በቃለ መጠይቁ ጠዋት መኪናው ተጎትታ ሄዳ ያገኛል። መስታወት ለመፋቅና መኪናውን ለማሞቅ 15 ደቂቃ ይያዙ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር አስነስተው አይተዉ፣ ጭሱ ይገድላል።

2. ልብሱን ለቢሮው ሙቀት ይምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውጭው ቢያስፈራም ቢሮው ሞቃት ነው፤ ከሸሚዝ ሥር ወፍራም ሹራብ የለበሰ ሰው በአምስት ደቂቃ ያልበዋል፣ ላቡም ፍርሃት ይመስላል። ስስ የውስጥ ልብስ፣ ሸሚዝና ኮት ይበቃሉ። የቀረውን ብርድ የሚከላከለው ከላይ የሚደረበው ካፖርት ነው። ካፖርቱ ከኮቱ ይርዘም፤ ካጠረ የኮቱ ጫፍ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ከሚረጨው ጨው በመኪናው ጎን የተለጠፈውን ቆሻሻ ይጠርጋል።

ስለ ሽታም እናንሳ። በብርድ መስኮት አይከፈትም፣ ካፖርቱ ደግሞ በር አጠገብ ይሰቀላል። ቁሌቱንም ዕጣኑንም ጠጥቶ ያድራል፤ ባለቤቱ ለምዶት አይሰማውም፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠው ግን ይሰማዋል። ከሁለት ቀን በፊት አየር ላይ ያናፍሱትና በልብስ መሸፈኛ ከተው ቁም ሣጥን ውስጥ ይዝጉት።

3. ሁለት ጫማ ይያዙ

መንገዱን የማያንሸራትት ሶል ባለው ቦት ይሂዱ፤ የቆዳ ጫማውን ከደረቅ ካልሲ ጋር በቦርሳ ይያዙ። ጫማውን መኪና ውስጥ አያሳድሩት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ይቆይና ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ እግርዎን ያቀዘቅዘዋል። ለቦቱ ወፍራም ፌስታል አይርሱ። የጨው ነጭ እድፍ ካለ አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅለው በጨርቅ ይጥረጉት፤ ቀለም ከዚያ በኋላ ይቀቡት። በላዩ ላይ ከቀቡት ጨው ተመልሶ ይወጣል።

4. ሕንፃው ውስጥ 30 ደቂቃ ቀድመው ይግቡ

ለእንግዳ ተቀባይዋ ግን ስምዎን 10 ደቂቃ ሲቀር ይንገሩ። ቀሪው 20 ደቂቃ የመጸዳጃ ቤት ነው። ጫማ ይቀይሩ፣ አፍንጫዎን ይናፈጡ፣ መነጽርዎ ጉም ለብሶ ከሆነ እስኪለቅ ይጠብቁ። እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ለሰላምታ የሚዘረጋ እጅ በረዶም እርጥብም መሆን የለበትም። ከዚያ ትንሽ ሎሽን፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ፀጉር ከኮፍያ ሲወጣ በደረቁ አየር ይቆማል፤ በእርጥብ እጅ ዳበስ ያድርጉት።

ቀጠሮው መሐል ሚኒያፖሊስ ከሆነ ሕንፃዎቹን ከመንገዱ በላይ የሚያገናኘው ስካይዌይ ያግዛል። ራቅ ብለው አቁመው ውስጥ ለውስጥ መሄድ ይችላሉ፤ የሚሄዱበት ሕንፃ መገናኘቱንና የሚከፈትበትን ሰዓት ግን አስቀድመው ይዩ፣ መንገዱም ያደናግራል።

5. ስልክዎን አይመኑ

የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ አንዳንዴም 30 በመቶ እያሳየ ይጠፋል። በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ ይያዙት። አድራሻውንና የጠሪውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው፣ ሲቪዎንም ሁለት ሦስት ቅጂ አትመው ውኃ በማያስገባ ፋይል ይያዙ። በረዶ መንገድ ከዘጋ ሰዓቱ ሳያልፍ ይደውሉ፤ «እዘገያለሁ» ብቻ ሳይሆን የት እንደደረሱና በስንት ሰዓት እንደሚገቡ ይንገሯቸው፣ ወይም ሌላ ቀን ይጠይቁ።