ጊዜያዊ ጋለሪ ውስጥ ሥዕል ከመስቀል በፊት፦ ሠዓሊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግብዣው ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ይመጣል። «ለበዓል ሦስት ሳምንት የሚቆይ ፖፕ አፕ ጋለሪ እየከፈትን ነው፤ አምስት ስድስት ሥራ ይዘሽ ግቢ።» ቦታው ቦሌ አካባቢ ያለ አዲስ ሕንፃ፣ የሆቴል ሎቢ፣ ወይም ተከራይ ያጣ ሱቅ ይሆናል። መልስ የሚፈለገው እስከ ነገ ነው። ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚመረቀው ብዙ፣ የከተማው ቋሚ ጋለሪ ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ሠዓሊው «እሺ» ለማለት ቢቸኩል አይፈረድበትም። ጊዜያዊ ጋለሪን እኔም እደግፋለሁ። ግን ሳያስቡበት ገብተው የተጎዱ ብዙ አይቻለሁ። ከቋሚ ጋለሪ ጋር ባትስማሙ ሄዳችሁ በሩን ታንኳኳላችሁ፤ ጊዜያዊው ግን በተዘጋ ማግስት የሚንኳኳ በር የለውም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚታወቁት በዚያ ማግስት ነው።

«ብዙ ሰው ያየዋል» የሚለውን እንደ ክፍያ መቁጠር

መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው እንደሚያየው ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያየው ጭምር ነው። በመክፈቻው ምሽት አዳራሹን የሚሞሉት በአብዛኛው የሠዓሊዎቹ ጓደኞችና የክፍል ጓደኞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሥራችሁን ድሮም ያውቁታል። የገበያ ማዕከል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሕዝብ ያልፋል፤ ለልጁ ጫማ ሊገዛ የመጣ ሰው ግን ሥዕል ለመግዛት አስቦ አልወጣም። የሆቴል ሎቢ ውስጥ የሚያልፈው ሰው ትንሽ ቢሆንም ሦስት ሌሊት ያደረ እንግዳ አንዱን ሥዕል ጠዋት ጠዋት ለቁርስ ሲወርድ ደጋግሞ ያየዋል። ሸራተን አዲስ ያስተናግደው የነበረው «አርት ኦፍ ኢትዮጵያ» ዐውደ ርእይ የሚጠበቅ የነበረውም ሰው ሥዕል ሊገዛ መሆኑን አውቆ ስለሚመጣ ነው።

አዘጋጁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ባለፈው ከተሳተፉት የሁለት ሠዓሊዎች ስልክ ስጠኝ።» ደስ ብሎት ከሰጠ ደውሉና ስንት እንደተሸጠና ገንዘቡ መቼ እንደደረሳቸው ጠይቁ። ካመነታ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ወጪን በጣት ቆጥሮ መተው

ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። እንበል የመሳተፊያው ክፍያ 6,000 ብር ነው። ስድስት ሥዕል እያንዳንዱ በ2,500 ብር ፍሬም ሲደረግ 15,000፣ ማጓጓዣ ደርሶ መልስ 4,000፤ ድምሩ 25,000 ብር። የአንዱ ሥዕል ዋጋ 30,000 ሆኖ ጋለሪው 40 በመቶ ኮሚሽን ቢወስድ እጃችሁ የሚገባው 18,000 ነው። አንድ ብቻ ከተሸጠ 7,000 ብር ከኪሳችሁ ወጥቷል ማለት ነው። ሁለት ከተሸጠ 11,000 ይተርፋል፤ ያውም ሸራውና ቀለሙ፣ የወራት ድካሙም ሳይታሰብ። ፍሬሙ ለሌላ ጊዜ ያገለግላል ብላችሁ ብታቀሉትም ስሌቱን በሥዕሉ ሳይሆን በጥሬ ገንዘቡ ሥሩት። አዘጋጁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ ደግሞ 15 በመቶው ከዋጋው ውስጥ ይሁን በላዩ ላይ የሚጨመር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከሃያ ሠዓሊ 6,000 ብር የሰበሰበ ሰው በሩ ሳይከፈት 120,000 ብር ይዟል፤ አንድም ሥዕል ባይሸጥ እሱ አልከሰረም። ኮሚሽን ብቻ የሚወስደው አዘጋጅ ግን እናንተ ካልሸጣችሁ የሚያገኘው የለም፤ ስለዚህ ገዢ ይጠራል፣ ይደውላል፣ ያስጎበኛል። ሁለቱንም ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው በመሳተፊያው ገንዘብ ምን እንደሚሠራበት ዝርዝር እንዲያሳያችሁ ንገሩት። ይህን ገንዘብ ተበድሮ መግባት ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሠዓሊ ከፍሎ ማሳየቱ በራሱ ነውር አይደለም። በ1874 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሞኔ፣ ረኗር፣ ዴጋና ሌሎች ጓደኞቻቸው በማኅበር ተደራጅተው በነፍስ ወከፍ 60 ፍራንክ አዋጥተው ናዳር የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በለቀቀው ስቱዲዮ ውስጥ ለአንድ ወር ሥራቸውን አሳይተዋል። ጎብኚው ወደ 3,500 ገደማ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ሲዘጋ እያንዳንዱ አባል 184 ፍራንክ ተኩል ዕዳ ወጣበት፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ግን ዕዳው የሁሉም ነበር፣ ደንቡ ተጽፎ ነበር፣ የማን ሥዕል የት እንደሚሰቀል የወሰነውም ዕጣ ነበር። በሌሎች ድካም አትርፎ የሄደ አልነበረም።

ግድግዳውን ሳያዩ መስማማት

ፎቶ አይበቃም፤ ሥዕሉ ሰው በሚያየው ሰዓት እዚያው ሄዳችሁ ቁሙ። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ፊታቸው መስታወት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥታ ይገባል። በውሃ ቀለምና በወረቀት ለሚሠራ ሰው ሦስት ሳምንት እንዲህ ያለ ፀሐይ ቀለሙን ለማደብዘዝ ሊበቃ ይችላል። ለእንቁጣጣሽ የሚከፈት ጋለሪ ከሆነ ሥዕሎቹ የሚገቡት በነሐሴ ነው፤ ሲሚንቶው በቅጡ ያልደረቀ ልስን በክረምት እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ከቀዘቀዘና ከረጠበ ሸራው ከጀርባው እርጥበቱን ይስባል። ሥዕል ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ደህና ሆኖ፣ ሲገለብጡት የጀርባው ሸራ በጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ሻግቶ ያገኘች ሠዓሊ አውቃለሁ። ቦታው ሌላ አማራጭ ከሌለው ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ ለጥፉ፤ አየር ያልፋል።

ሚስማር መምታት ይፈቀድ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለዚያ ፎቅ ይደርስ እንደሆነ፣ ማታ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድርም እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ጥበቃውን ብትጠይቁት የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

በይሉኝታ ውል መተው

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። አዘጋጁ ብዙ ጊዜ የምታውቁት ሰው፣ አንዳንዴም አብሮ የተማረ ነው። «እህቴ፣ እኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላል። መልሱ ክፉ ቃል አያስፈልገውም፦ «ወንድሜ፣ ወረቀቱ አንተ ባትኖር ከማን ጋር እንደምነጋገር እንዳውቅ ነው።»

አንድ ገጽ ይበቃል። የሥዕሎቹ ዝርዝር ከፎቶ፣ ከመጠንና ከዋጋ ጋር፤ የኮሚሽኑ መጠን፤ ከተሸጠ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፈል፤ ቢጎዳ ወይም ቢሰረቅ ማን እንደሚተካ፤ ያልተሸጠው በየትኛው ቀን በማን ወጪ እንደሚመለስ። ፈራሚው ደግሞ ስሙና መታወቂያው የታወቀ ሰው ይሁን። ሆቴሉ ወይም የሕንፃው ባለቤት ቦታ ሰጠ እንጂ ኃላፊነት አልወሰደም፤ ሥዕል ጠፋብኝ ብላችሁ ብትሄዱ «እኛ የምናውቀው ነገር የለም» ማለታቸው ውሸት አይሆንም።

ነገሩ የቦታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም አስታውሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ቋሚ የሚባለውም ቦታ ይነሣል፤ ፈንዲቃ የባህል ማዕከል ካዛንቺስ ሲፈርስ ለዓመታት ከኖረበት ግቢ ወጥቷል። ግን የማዕከሉን መሥራች መላኩ በላይን የት አገኘዋለሁ ብሎ የሚጨነቅ ሠዓሊ አልነበረም። የምትፈልጉት እንዲህ ያለ፣ ግቢው ቢፈርስም የማይጠፋ ሰው ነው።

ለሦስት ሳምንት ብሎ ዋጋ መስበር

ስቱዲዮ መጥቶ በ30,000 ሥዕል የገዛ ሰው ያንኑ የሚመስል ሥራ በ18,000 ተለጥፎ ካየ ዳግመኛ አይመጣም። ለበዓል የሚሆን ርካሽ ነገር ካስፈለገ ትንንሽ ሥራ ወይም ኅትመት አቅርቡ። ከሌላ ጋለሪ ጋር የምትሠሩ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሥዕሉንና መብቱን አብሮ መስጠት

ለማስታወቂያ ፎቶ መነሣቱ ተገቢ ነው። ያው ፎቶ በካሌንደር፣ በስኒና በቲሸርት ላይ ቢታተምስ? ሥዕሉን መሸጥና የማባዛት መብቱን መሸጥ የተለያዩ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የሠዓሊውን ዕድሜ ሙሉና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። «ፎቶው ለዚህ ዐውደ ርእይ ማስተዋወቂያ ብቻ» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ጨምሩ።

አንዴ ተጎድቶ ሁሉንም እምቢ ማለት

ይሄም ስህተት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ዴሚየን ኸርስት ገና ተማሪ ሳለ ከጎልድስሚዝ ኮሌጅ ጓደኞቹ ጋር በወደብ አካባቢ ባዶ የቀረ ሕንፃ ውስጥ «ፍሪዝ» የተባለውን ትርዒት አዘጋጀ፤ የአንድ ትውልድ የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ስም የወጣው ከዚያ ጀምሮ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ሠዓሊዎቹ ነበሩ። ስቱዲዮ ውስጥ የማይቆም ትልቅ ሥራ ካላችሁ፣ ወይም ወጪውን እኩል የሚካፈሉ አራት አምስት ጓደኞች ካገኛችሁ አንድም ሳይሸጥ እንኳ መግባቱ ሊያዋጣ ይችላል። ኪሳራው ስንት ድረስ እንደሚሆን ግን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ገዢውን ሳያውቁ መለያየት

አንዳንድ አዘጋጆች የገዢውን ስም አይሰጡም፤ ደንበኛዬ ነው ይላሉ። ቢያንስ ስሙንና ከተማውን እንዲነግሯችሁ ውሉ ላይ አስገቡ፤ ወደፊት የግል ዐውደ ርእይ ስታዘጋጁ ያንን ሥዕል በውሰት መጠየቅ ይኖርባችኋል። ገዢውም እናንተን እንዲያገኝ ስማችሁን፣ የሥዕሉን ርእስ፣ ዓመተ ምሕረቱንና ስልካችሁን ከጀርባው ጻፉ። ጽሑፉ በእንጨቱ ላይ ይሁን፤ በሸራው ጀርባ የተጻፈ ማርከር ከዓመታት በኋላ ወደ ፊት ሰርጎ ሊወጣ ይችላል።