የዋፍል ፎጣ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ ዋፍል ፎጣ፣ ማለትም ላዩ በጎድጓዳ ካሬዎች የተሸመነ ፎጣ፣ በእጅ ሲይዙት መጀመሪያ የሚያሳምን ነገር የለውም። ቀለል፣ ሳሳ፣ ትንሽም ሻከር ይላል። አጠገቡ የተደረደረው ወፍራም ጸጉራም ፎጣ ግን ገና ሲነኩት ልብ ይወስዳል። ብዙ ሰው ዋፍሉን ትቶ የሚሄደው፣ ወይም የማይሆነውን ዋፍል ይዞ ቤቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ዋፍልን በጸጉራም ፎጣ ሚዛን ስለምንመዝነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነበር። ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን በገዛ እጄ ሠርቻቸዋለሁ።

ውፍረትን ከጥራት ጋር ማምታታት

ጸጉራም ፎጣ፣ ቴሪ የሚባለው፣ ከሥር ባለ ጨርቅ ላይ ጥቃቅን የክር ቀለበቶች የቆሙበት ነው። ውሃውን በብዛት የሚጠጡት ቀለበቶቹ ናቸው፤ በበዙና በረዘሙ ቁጥር ፎጣው ይወፍራል፣ የሚይዘው ውሃም ይጨምራል። እዚያ ላይ ውፍረት የሚናገረው ነገር አለው። ዋፍል ግን ቀለበት የለውም። ሥራው ሁሉ ያለው ድርና ማጉ በሚተላለፉበት መንገድ ላይ ነው። በአንዳንዱ ቦታ ክሩ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያለ ጥብቅ ብሎ ይጠላለፋል፤ በሌላው ቦታ ብዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ ዘሎ ያልፋል። ጥብቅ ያለው ቦታ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ዝላዩ የረዘመበት ሸንተረር ሆኖ ይነሣል። አራት ሸንተረሮች ሲገናኙ አንድ ጎድጓዳ ካሬ ይሆናል። የማር እንጀራ ሽመና የሚባለውም መልኩን አይቶ ነው። ውሃውን ክሩም ካሬውም ይይዙታል፤ አየር ደግሞ በየጎድጓዳው ስለሚገባ ጨርቁ ቶሎ ይደርቃል።

የፎጣ ክብደት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እየተባለ ይለካል፤ መለያው ላይ «ጂ.ኤስ.ኤም» ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። ለጸጉራም የገላ ፎጣ ከ400 እስከ 600 የተለመደ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚከብድም አለ። ዋፍል ላይ ከ200 እስከ 400 ያለ ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ። 280 የሆነ ዋፍል ደህና ፎጣ ሊሆን ይችላል። ከ200 ሲወርድ ግን ለእኔ የዕቃ ማድረቂያ እንጂ የገላ ፎጣ አይደለም። ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋው ደግሞ እየወፈረ ሲሄድ ቶሎ መድረቁ ይቀርና «ታዲያ ለምን ዋፍል ገዛሁ?» ያሰኛል።

ፎጣ ማለት የግድ ጸጉር ያለው ነው ብለን የምናስበው ራሱ የቆየ ነገር አይደለም። በማሽን የተሠራ ጸጉራም ፎጣ እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብ ለሕዝቡ አዲስ ዕቃ ነበር። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰው ገላውን የሚያደርቀው በሽመናው ብቻ በሚሠራ ልሙጥ ወይም ጥለት ባለው ጨርቅ ነበር።

መለያው ላይ የተጻፈውን መጠን ማመን

የመጀመሪያዎቹን አራት ዋፍሎቼን የገዛሁት 70 በ140 ሴንቲ ሜትር የሚል አይቼ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ የድሮ ፎጣዬ 70 በ140 ስለነበር ብቻ። በሙቅ ውሃ አጠብኳቸው፣ ማድረቂያ ማሽኑንም በከፍተኛ ሙቀት ለቀቅኩባቸው። ሲወጡ ተኮማትረው አየኋቸውና ሜትር አመጣሁ፦ 63 በ125። ሰውነቴ ላይ ስጠመጥመው ለመሸጎጫ የሚተርፈው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ሆነ።

ሻጩን ማማረር ይቀል ነበር፣ ግን ጨርቁ የተፈጥሮውን ነው የሠራው። በሽመና ማሽኑ ላይ ክሮቹ ተወጥረው ነው የሚሸመኑት። እነዚያ ብዙ ክር ዘለው የሚያልፉት ክሮች የሚይዛቸው መጠላለፊያ ጥቂት ስለሆነ፣ ውሃ ሲነካቸውና ውጥረቱ ሲላላ ወደ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ሸንተረሩ ይነሣል፣ ካሬው ይጎደጉዳል፣ ጨርቁም በቁመትም በወርድም ያጥራል። ልሙጥ ሽመና ይህን ያህል አይሰበሰብም፤ ዋፍል ላይ ግን 10 በመቶ ያህል ማጠር እንግዳ ነገር አይደለም። ሱቅ ውስጥ ካሬዎቹ ጠፍጣፋ የሚመስሉትም ለዚህ ነው። ገና አልታጠበም፤ አሠራሩ የሚያልቀው እርስዎ ቤት፣ በመጀመሪያው እጥበት ነው።

ስለዚህ ሻጩን የሚጠይቁት ጥያቄ «ከታጠበ በኋላ ስንት በስንት ይሆናል?» የሚል ይሁን። አንዳንድ አምራች ጨርቁን ቀድሞ አጥቦ ይሸጣል፤ መለያው ላይ ቀድሞ የታጠበ መሆኑ ከተጻፈ የተነገረዎት መጠን ብዙም አይለወጥም። ካልተጻፈ ከቁመቱም ከወርዱም አንድ አሥረኛ ቀንሰው ያስቡ። 90 በ150 የሚለው 81 በ135 ሊሆን ነው ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ለረጅም ወይም ሞላ ላለ ሰው 100 በ150 ይሻላል። አንድ ላይ የገዟቸውንም መጀመሪያ አንድ ላይ ይጠቧቸው። ሁለቱን ዛሬ በሙቅ፣ ሁለቱን በወሩ በቀዝቃዛ ካጠቡ መደርደሪያዎ ላይ የሁለት ቤተሰብ ፎጣ ይመስላል።

የተሸመነውን ከመሰለው አለመለየት

ካሬ ያለበት ሁሉ ዋፍል አይደለም። ካሬው በሙቀት ተጭኖ የታተመበት ጨርቅ አለ፤ በማይክሮፋይበር የተሠራ ዋፍልም አለ፣ እሱ የመኪና መስታወት ለመጥረግ ጎበዝ ነው። ማይክሮፋይበር ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ክሩ ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ውሃውን የሚይዘው በቀጫጭን ክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ጥጥ በደረቅነቱ እንኳ በመደበኛ የአየር ሁኔታ ከክብደቱ 7 ወይም 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፣ ፖሊስተር ግን አንድ በመቶም አይሞላ። ገላ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ማይክሮፋይበሩ እርጥብ ቆዳ ላይ ይይዛል፣ ይጎተታል።

ለመለየት ፎጣውን ወደ ዓይንዎ ያቅርቡና አንዱን ሸንተረር ይመልከቱ። የተሸመነ ከሆነ ጎን ለጎን የተኙትን ክሮች አንድ በአንድ መቁጠር ይችላሉ፣ ከጀርባውም ካሬ ይኖረዋል። ከዚያ በሁለት እጅዎ ሳብ አድርገው ይልቀቁት፤ ካሬዎቹ ተዘርግተው ተመልሰው ይሰበሰባሉ። የታተመው ዝም ይላል።

መለያው ላይ 100 በመቶ ጥጥ የሚለውን ይፈልጉ። ተልባ የተቀላቀለበትም ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ሻካራነቱን የማይወድ አለ። «ከቀርከሃ የተሠራ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ቪስኮስ ማለት ነው። ቀርከሃው በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር የሆነ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ እርጥብ ሲሆን ግን እንደ ጥጥ አይጠነክርም።

«የግብፅ ጥጥ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን እንዳያታልልዎት። ዋናው የጥጡ ቃጫ ርዝመት ነው፤ ረጅም ቃጫ የጠነከረና የማይበጣጠስ ክር ይወጣዋል። የጥጡ አገር ስም ግን የዚያ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ትልቅ የአሜሪካ መደብር የግብፅ ጥጥ እየተባለ የተሸጠ አንሶላ እንደ ስሙ ሆኖ ስላላገኘው ከአምራቹ ጋር የነበረውን ውል አቋርጧል። «ኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100» የሚለው ምልክት ደግሞ ጨርቁ ለጎጂ ኬሚካሎች ተመርምሯል ማለት ነው። ያ መልካም ነው፣ ነገር ግን ጥጡ ያለ ኬሚካል የበቀለ መሆኑንም ሆነ ፎጣው ውሃ መጠጣቱን አይነግርዎትም።

ሳይታጠብ መፍረድ

አዲስ ፎጣ ከፋብሪካ ሲወጣ ሱቅ ውስጥ ለእጅ እንዲለሰልስ የተቀባ ነገር አለበት። ያ ነገር ውሃን ይገፋል። ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በጣትዎ ጫፍ አንድ ጠብታ ውሃ ያስቀምጡበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ይቀመጣል፣ ፎጣውን ሲያዘነብሉት ይንከባለላል። በዚህ ሁኔታ ከሻወር ወጥቶ የሚሞክረው ሰው «ይሄ ውሃ አያነሣም» ብሎ ወደ ሱቁ ሊመልሰው ይችላል፤ አይፈረድበትም። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አጥበው ያንኑ ጠብታ ይድገሙት። ገና ሲነካው ጠልቆ፣ ካሬው ውስጥ የጠቆረ ምልክት ብቻ ትቶ ይጠፋል። ከሦስተኛው እጥበት በኋላም ዶቃ ከሠራ ያን ጊዜ ክሩን ይጠርጥሩ።

ማለስለሻ መጨመር

በአጭሩ፣ አይጨምሩ። የልብስ ማለስለሻ የሚያለሰልሰው በክሩ ላይ ቅባትነት ያለው ስስ ሽፋን እየተወ ነው፤ ሦስት ጊዜ አጥበው ያስለቀቁትን ነገር በገንዘብዎ ይመልሱታል። ዋፍሉ ደርቆ ከሻከረ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳሙና መብዛት ነው። ሳሙናውን ይቀንሱ፣ አንድ ጊዜ ጨምረው ያለቅልቁት። በማለቅለቂያው ውሃ ላይ ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ የሚጨምሩም አሉ፤ ካደረጉት በረኪና በዚያው እጥበት ውስጥ እንዳይኖር፣ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የተመዘዘን ክር በመቀስ መቁረጥ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ፎጣ የሚገድለው ግን እሱ ነው። ጸጉራም ፎጣ ላይ አንድ ቀለበት ተመዝዞ ቢንጠለጠል በመቀስ ቢቆርጡት ምንም አይሆንም፤ ቀለበቱ ከሥሩ ባለው ጨርቅ ስለተያዘ ቀሪው ባለበት ይቆያል። ዋፍል ላይ የሚመዘዘው ክር ግን ጨርቁን ራሱን የያዘው ድር ወይም ማግ ነው። ዘሎ የሚያልፈው ክር የጣት ቀለበትን፣ የዚፕ ጥርስን፣ የበር መንጠቆን ሁሉ ይወዳል፤ ተመዝዞ ጎረድ ያለ ቅስት ሲሠራ እጅ ወደ መቀስ ይሄዳል። እኔ ቆረጥኩት። በሁለተኛው እጥበት ሁለቱ ጫፎች ወደየአቅጣጫቸው ተንሸራትተው በመካከል ትንሽ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ።

ይልቅ ደንዘዝ ያለ መርፌ ይያዙ። የተመዘዘው ክር በግራና በቀኝ ያጨማደደውን ቦታ ያያሉ፤ ከዚያ በመነሣት በመርፌው ጫፍ ትርፉን ክር በየካሬው እያካፈሉ ወደ ውስጥ ይመልሱት፣ ከዚያ ጨርቁን በሁለት አቅጣጫ ሳብ ሳብ ያድርጉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሲያጥቡም ዚፕና መንጠቆ ካለው ልብስ ጋር አያደባልቁት።

ስለ ጠርዙም፦ ሲገዙ የተሰፋውን ጠርዝ ይዩት። ጠርዙ እጥፍ ካልሆነና ስፌቱ ከተራራቀ፣ መሐሉ ሲሰበሰብ ጠርዙ ባለበት ቀርቶ እንደ ቅጠል ይሞገዳል።

ቀለሙን በዓይን ብቻ መምረጥ

ጠቆር ያለ ቀለም በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይለቃል፣ ለብቻው ይታጠብ። ለብጉር የሚቀባ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ክሬም የሚጠቀም ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ለእሱ ነጭ ይግዙ። ክሬሙ የፎጣን ቀለም ይበላል፤ ነጭ ነጥብ ሲያዩ በረኪና ፈሰሰ ብለው ሰው አይውቀሱ።

ማንጠልጠያውን መርሳት

ዋፍል ቶሎ ይደርቃል የሚባለው ከተዘረጋ ነው። መንጠቆ ላይ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ከተሰቀለ ካሬዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አየር አያገኙም፤ በማግሥቱ ጠዋት እጥፋቱ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ያገኙታል፣ ከሰነበተም መሽተት ይጀምራል። ዘንግ ላይ በአንድ እጥፍ ይዘርጉት። መታጠቢያ ቤትዎ ጠባብ ሆኖ መንጠቆ ብቻ ካለው፣ ፎጣ ከመግዛትዎ በፊት ዘንግ ይግጠሙ።

የቤቱን ፎጣ በሙሉ በአንድ ቀን መቀየር

ዋፍል ቆዳን እንደሚፈገፍግ ሆኖ ይሰማል። አንዱ ይህን ይወዳል፤ ሌላው፣ በተለይ ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው፣ አይችለውም። ለዚያ ሰው ጫን እያደረጉ ማድረቅ ከመፈግፈግ ይሻላል፣ ጎድጓዳዎቹ ሲጫኑ ውሃውን ይስቡታልና። ቢሆንም አንድ ገዝተው፣ ሦስት ጊዜ አጥበው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተራ በተራ ሳምንት ያህል ቢሞክረው ብዙ ጣጣ ያድናል። እኛ ቤት አንድ ሰው እስከ ዛሬ እሺ አላለም፤ ወፍራሙ ጸጉራም ፎጣው በዘንጉ ጥግ ተሰቅሎ ይገኛል። ማታ ሌሎቹ ደርቀው ታጥፈው ሲገቡ እሱ ገና ጫፉ ይርሳል።