ቃልና ቁስል ይገጥማሉ? በፈላ ውኃ የተቃጠለ ሕፃን ሲመጣ

መጀመሪያ ሕክምናው። ልብሱን አውልቁ፤ ቁስሉን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ፤ ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። በረዶ አታስነኩት። የቀረው ገላ እንዳይበርደው ሸፍኑት፣ ማስታገሻ ስጡት። ቁስሉ በፋሻ ከመታሰሩ በፊት ግን ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የቃጠሎ ጥልቀት በቀናት ውስጥ ስለሚለወጥ የመጀመሪያው ቀን መልክ ተመልሶ አይገኝም።

ከዚያ ቃጠሎው በአደጋ የደረሰ ይሁን ሰው ሆን ብሎ ያደረሰው ለመለየት ውኃው የሄደበትን መንገድ ተከተሉ። ልጁ የሻይ ብርጭቆ ወይም ድስት ጎትቶ በራሱ ላይ ከደፋ ብዙውን ጊዜ የሚመታው አገጩ፣ አንገቱ፣ ትከሻውና ደረቱ ነው። ውኃው ሲወርድ ስለሚቀዘቅዝ ቁስሉ ከላይ ሰፊና ጥልቅ፣ ወደ ታች ጠባብና ስስ ይሆናል። ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፤ ዙሪያውን የፍንጣቂ ነጠብጣብ ይኖራል። ሹራብ ሙቀት አምቆ ስለሚይዝ ከሥሩ ያለው ቆዳ የባሰ ሊጎዳ ይችላል፤ ምን ለብሶ እንደነበር ሳትጠይቁ አትለፉ።

ሰው ይዞ ፈላ ውኃ ውስጥ የነከረው ልጅ ቁስል ሌላ ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል ከፍታ ላይ፣ ካልሲ የለበሱ ይመስል፣ በቀጥታ መስመር ያበቃሉ። ጥልቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ፍንጣቂ የለውም፤ በራሱ ውኃው ውስጥ የገባ ልጅ ይንፈራገጣልና። ጉልበቱን አጥፎ ከነበረ ከጉልበቱ በስተኋላ ያለው እጥፋትና ብሽሽቱ ይተርፋሉ። መቀመጫው ቀዝቀዝ ያለ የሳፋ ወለል ላይ ተጭኖ ከነበረም መሐሉ ተርፎ ዙሪያው ብቻ ይቃጠላል። ከእሳት ላይ አሁን የወረደ ብረት ድስት ግን ታችኛውም ይፋጃል፤ ያ ምልክት አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

እዚህ ላይ ቸኩሎ የሚፈርድ ይሳሳታል። በብዙ ቤት ሳፋው መሬት ላይ ይቀመጥና የፈላው ቀድሞ ይገባል፤ ቀዝቃዛው እስኪመጣ ልጁ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይቀመጥበታል። ያኔም መቀመጫና ጀርባ ይቃጠላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንዱ ጎን ይብሳል፣ እጅ ወይም ክርን አብሮ ይነካል፣ ፍንጣቂም ይታያል።

«ለብ ያለ ነበር» ከተባለ ሒሳቡን ሥሩ። የአዋቂ ቆዳ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ 5 ሰከንድ ገደማ፣ በ54 ደግሞ 30 ሰከንድ ገደማ ቢቆይ በጥልቀት ይቃጠላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ይፈጥናል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ20 ዲግሪ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ 56 ይሆናል። ይህ ለብ ያለ አይባልም።

ዕድሜውንም አስቡ። የ4 ወር ሕፃን ቆሞ ብርጭቆ አይጎትትም፤ ተደግፎ መቆም የሚጀመረው በ9 ወይም በ10 ወር ገደማ ነው።

አሳዳጊዎችን ለየብቻ «ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ንገሩኝ» በሏቸው፤ ቃላቸውን እንዳለ ጻፉ። ዘግይቶ መምጣት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መንገዱ ይርቃል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ይጠፋል፣ ቤት ውስጥ የጥርስ ሳሙና ወይም እንቁላል ተቀብቶ ይጠበቃል። የሚከብደው በየጊዜው የሚለዋወጥ ታሪክና ሌላ ቦታ ላይ ያለ የቆየ ጠባሳ ወይም የገመድ ሰንበር ነው። ስለዚህ ከራስ ቅል እስከ ውስጥ እግር እዩት፤ ከ2 ዓመት በታች ከሆነና ጥርጣሬ ካለ የመላ አጥንቱ ራጅ ይነሣ።

አንድ የሚያሳስት በሽታ አለ። በስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣው የቆዳ መላጥ ቃጠሎ ይመስላል፤ ነገር ግን ብብትና ብሽሽት ላይ ይብሳል፣ አፍ ዙሪያ ቅርፊት ይሠራል፣ ጤነኛ የሚመስለውም ቆዳ ሲታሽ ይላጣል።

ጥርጣሬ ካለ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ልጁን ሆስፒታል አስተኙት፤ ለሕፃናት ሐኪምና ለሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ንገሩ። አሳዳጊውን አትክሰሱ። ካርዱ ላይም «ሆን ተብሎ» አይጻፍ፤ እንዲህ ይበቃል፦ «ሁለቱም እግር እስከ ጉልበት በላይ ድረስ እኩል ተቃጥሏል፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ፍንጣቂ የለም፤ የጉልበት እጥፋት ተርፏል። ያመጣው ሰው ‹ድስት ተገለበጠበት› ብሏል፤ ቁስሉ ከዚህ ጋር አይገጥምም።»