ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? የቤት መኪና ወጪ ሲሰላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የቤት መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አውቶማቲክ ነዳጅ ይበላል» የሚል ነው። ለድሮዎቹ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲኮች እውነት ነበር። እንደ ቪትዝ ባሉ የሲቪቲ ካምቢዮ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ የማርሽ ሳጥን) ባላቸው መኪኖች ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ አንዳንዴ ጨርሶ የለም።

በወሬ ማስላት። ታንኩን ይሙሉ፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ያድርጉ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እዚያው ማደያ ተመልሰው ይሙሉ። 420 ኪሎ ሜትር ሄደው 29.4 ሊትር ከገባ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ብቻ የተለካ አይታመንም፤ ደርሶ መልስ ይሁን። የፋብሪካውን ቁጥርም ይተዉት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ሳስቶ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ ቤተሰብ የጫነ ትንሽ ሞተር ዳገቱን በከባድ ማርሽ እየጮኸ ይወጣል።

ነዳጅን ብቻ መቁጠር። ልዩነቱ በ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ቢሆን፣ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 75 ሊትር ነው። ይህን በማደያው ዋጋ ያባዙና በማንዋሉ በኩል ከፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየው ክፍል)፣ በአውቶማቲኩ በኩል ከካምቢዮ ዘይት ወጪ ጋር ያስተያዩት። ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መቆም። የደሴ መንገድ ዳገት ነው፤ ፊት ያለው ባጃጅ ሲቆም ብዙ ሹፌር ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቆ፣ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ያንጠለጥላል። ያኔ የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተፋተገ ይቃጠላል፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ሲነሱ ይልቀቁ። ማንዋል ከመግዛትዎ በፊት ፊት ለፊቱ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው፣ በ3ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል፤ መሽከርከሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ዋጋ ሲነጋገሩ ይቀንሱለት። ሲቀየር ደግሞ ሸራውን፣ የሚጫነውን ዲስክና ኩሽኔታውን አብረው ያስቀይሩ። ካምቢዮ የማውረጃው የእጅ ዋጋ አንድ ነው፤ ኩሽኔታ ለመቆጠብ የተተወ ሥራ ሁለተኛ ያስወርዳል።

ለሲቪቲ የተገኘውን ዘይት መጨመር። «የአውቶማቲክ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ሲቪቲ የሚሠራው በብረት ቀበቶና በሁለት ፑሊ ነው፤ ቀበቶው እንዳይንሸራተት የራሱን ዘይት ይፈልጋል። የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ቀበቶው ፑሊውን ይቧጭራል፣ ከዚያ በኋላ ካምቢዮ መቀየር ነው። ዳገት ለሚበዛበት አነዳድ በየ40,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ገበያው ላይ ያሉት ብዙ እጅ የዞሩ ናቸው፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ ካላወቀ፣ የዘይቱን ወጪ ዋጋው ላይ ይደምሩ።

ሐረጎን፣ ማለትም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ቁልቁለት፣ በፎሌ (ያለ ማርሽ) መውረድ። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ይደረጋል፤ ተቃራኒው ነው። የኢንጄክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ያን ሁሉ ክብደት ፍሬን ብቻ ከያዘው የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥም አይይዝም። በማንዋል 2ኛ ወይም 3ኛ ይግቡ። በአውቶማቲክ ዲ ላይ አይተዉት፤ ቢ፣ ኤል ወይም 2 የሚል ካለው ወደዚያ ያውርዱት።

አውቶማቲክ መኪናን በገመድ መጎተት። ባትሪ የደከመበት ማንዋል ተገፍቶ ይነሳል፤ አውቶማቲክ አይነሳም። ከወልድያ ደሴ ድረስ በገመድ ከተጎተተ ደግሞ ሞተሩ ስለማይሠራ የዘይት ፓምፑም አይሠራም፣ ካምቢዮው ያለ ዘይት እየዞረ ይቃጠላል። በፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ ወይም መኪናው በጭነት መኪና ይጫን። ገጠር መንገድ የሚያዘወትሩ ከሆነ ይህን ኪራይ ከአውቶማቲኩ ወጪ ጋር ይያዙት።