ጫካን በውሃ ቀለም ሲሥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1837–1901) እንግሊዞች በውሃ ቀለም የሠሯቸውን የጫካ ሥዕሎች በጣም እወዳለሁ። ዛፍ፣ ጅረት፣ ቀጭን የእግር መንገድ፣ በቃ። ሲያዩት መንፈስን ያረጋጋል። በዚያ ስልት ለመሣል ሲነሱ ግን ይህን ጸጥታ የሚያደፈርሱ ስህተቶች አሉ።

ትልቁ፣ ቅጠሉን ሁሉ አንድ በአንድ ለመሣል መታገል ነው። «ማይልስ በርኬት ፎስተርስ እንደዚያ አይደል የሠራው?» ይሉኛል። ልክ ነው፣ የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ሰዓሊ የነበረው ፎስተር ለመጻሕፍት ሥዕል በእንጨት ላይ ሲቀርጽ ስላደገ እጁ ረቂቅ ሥራ ለምዷል። ውሃ በቀነሰ ብሩሽ ጥቃቅን ነጥብ እየደረደረ ይሠራ ነበር። እርስዎ ግን ነጥቡ ላይ ከመድረስዎ በፊት የዛፉን ጠቅላላ ቅርፅ ይያዙ። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቱ፤ ቅጠሉ ይጠፋና ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ እሱን ይሣሉ።

ሌላው «በውሃ ቀለም ነጭ መጠቀም ነውር ነው» የሚለው ነገር ነው። የእንግሊዙ ቀለም አምራች ዊንሰር ኤንድ ኒውተን ከዚንክ የተሠራውን «ቻይኒዝ ኋይት» የተባለ ነጭ ቀለም ለገበያ ያቀረበው በ1834 ነው፤ የዘመኑ ሰዓሊዎችም በደንብ ተጠቅመውበታል። ችግሩ ሁሉም ቦታ ሲገባ ነው፤ ቀለሙ ይደፈርሳል። መጨረሻ ላይ ጅረቱ ላይ አንድ ብልጭታ፣ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃል። ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ ከደረቀ በኋላ በስለት ጫፍ ፋቅ ማድረግም ይቻላል።

አረንጓዴን ከቱቦው እንዳለ አይቀቡ። ሰማያዊና ቢጫ ደባልቀው ትንሽ ቡናማ ጠብ ያድርጉበት። ራቅ ያለው ዛፍ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሂድ።

ያልደረቀ ቀለምንም አይነካኩ። እኔ አንዴ ግማሽ የደረቀ ጥላ ላስተካክል ብዬ ውሃ የጠገበ ብሩሽ አሳረፍኩበት። ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር ገፋው፤ ግንዱ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በእጄ ጀርባ ነካ አድርጌ ነው የምቀጥለው። ከቀዘቀዘኝ ገና ነው።

ሥዕሉ ሲያልቅ ደግሞ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይስቀሉት። ራስልና አብኒ የተባሉ ሳይንቲስቶች ብርሃን የውሃ ቀለምን እንዴት እንደሚጎዳ ለእንግሊዝ መንግሥት ያቀረቡት ሪፖርት በ1888 ወጥቷል። ኢንዲጎ የተባለው ጥቁር ሰማያዊ ቶሎ ከሚለቁት ቀለሞች አንዱ ነው። ሰማዩ ኢንዲጎ ከቀይ ጋር ተደባልቆ የተቀባ ከሆነ፣ እሱ ሲለቅ ወደ ቀይነት ያደላል፤ በኢንዲጎ የተደባለቀው የጫካው አረንጓዴም አብሮት ይሄዳል።