በግሉኮስ ምርመራ ቆሽትን ያለ ጥፋቱ የሚያስወቅሱ ስህተቶች

75 ግራም ግሉኮስ አጠጥቶ ቤታ ሴሎች (ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎች) ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመነጩ ማየት ቀላል ይመስላል። ግን ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል።

«ነገ በባዶ ሆድ ና» ብሎ መሸኘት አንዱ ስህተት ነው። ጅማ ላይ ቁርሱን ትቶ ቡናውን ከነስኳሩ ጠጥቶ የሚመጣ አለ። ዘርዝራችሁ ንገሩት፦ ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ቢበዛ 14 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አይቀምስም። ቡናም ሲጋራም ጫትም የለም።

ጫቱ ሌላም ጣጣ አለው። የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ከሰዓት የቃመ ሰው ማታ ሳይበላ ያድራል። «ስኳር ልትመረመር ነው» ሲባል ደንግጦ እንጀራና ዳቦ የሚተውም አለ። ከምርመራው በፊት ባሉት 3 ቀናት ሰውየው በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት ካላገኘ ግን ሰውነቱ ድንገት የመጣበትን ግሉኮስ በወጉ አይወጣውም፣ ጤነኛው ሰው የታመመ ይመስላል። እባካችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትጀምሩ። የጠዋቱ ስኳር ከ126 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነም ሐኪም ሳታማክሩ አታጠጡ።

ትልቁ ስህተት ግን ግሉኮሱን ከጠጣ ከ2 ሰዓት በኋላ የሚለካውን ስኳር ብቻ አይቶ ስለ ቤታ ሴሉ መፍረድ ነው። ከ140 እስከ 199 ከሆነ ችግር መኖሩን ይነግረናል፤ ሴሉ ደክሞ ይሁን ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ብሎ ግን አይለይም። ለዚያ ከመጠጣቱ በፊትና በ30ኛው ደቂቃ ግሉኮስና ኢንሱሊን አብረው ይለካሉ፣ የኢንሱሊኑ ጭማሪ ለግሉኮሱ ጭማሪ ይካፈላል። እሱም ብቻውን አይበቃም። የወፍራሙ ሰው ኢንሱሊን ብዙ ሆኖ ለሰውነቱ ላይበቃው ይችላል፤ ለኢንሱሊን ቶሎ የሚታዘዝ ሰውነት ያለው ቀጭን ገበሬ ደግሞ በትንሹ ይብቃቃል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሆነ ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚወጣ ቁራጭ) ለኩ፣ መርፌው ውስጥ ስለሌለ የራሱን ምርት ለይቶ ያሳያል።

ደቂቃው የሚቆጠረው መጠጣት ሲጀምር ነው፣ በ5 ደቂቃ ውስጥም ይጨርስ። ካስመለሰው ሌላ ቀን ይምጣ።

ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አታቆዩት። የደም ሴሎቹ ቱቦው ውስጥም ግሉኮስ ይበላሉ፣ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። በረዶ ላይ አድርጋችሁ ቶሎ ሴንትሪፉጅ አድርጉት (ሴሎቹን ከፈሳሹ በሚለየው ማሽን አሽከርክሩት)። ከላይ የተንሳፈፈው ፈሳሽ ከቀላ ቀይ ሴሎቹ ፈንድተዋል ማለት ነው፣ ከውስጣቸው የሚወጣው ኢንዛይም ኢንሱሊኑን ይሰባብረዋል፤ በዚያ ናሙና ኢንሱሊን አትለኩ።